ቤትሆቨን በአምስት ክፍለ ጊዜ፦ ፒያኖ ለሌለው የወሎ ክፍል የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

መመሪያው ጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ ቤትሆቨንን ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል፣ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 10 ለሆነ ልጆች ለማስተማር ነው። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም ይሁን ሐይቅ፣ ወይም ከአስፋልት ርቆ ያለ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ሃምሳ ስልሳ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ይሠራል። እያንዳንዳቸው 40 ደቂቃ የሆኑ አምስት ክፍለ ጊዜያት ይበቃሉ። ፒያኖ አያስፈልግም፤ ኖታ ማንበብም ግዴታ አይደለም። ግዴታው አንድ ነው፦ አስተማሪው ሙዚቃውን ክፍል ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሰምቶት መገኘት።

ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ ታሪክ ነው። ትምህርቱ በስም፣ በዓመተ ምሕረትና በድርሰት ዝርዝር ከጀመረ ልጆቹ ዝርዝሩን ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል፤ በሳምንቱ ቢጠየቁ የሚያስታውሱት “የማይሰማው ሰውዬ” የሚለውን ብቻ ነው። መጀመሪያ ድምፁን ሰምተው፣ አጨብጭበውና አዚመው ከሆነ ግን ስለ ሰውየው የሚጠይቁት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ የሕይወት ታሪኩ የሚመጣው ከድምፁ በኋላ ነው።

ከሳምንት በፊት የሚዘጋጅ

ሦስት ድምፆችን ስልክ ላይ አውርደው ያስቀምጡ፦ የ5ኛውን ሲምፎኒ (ለሙሉ ኦርኬስትራ የተጻፈ ረጅም ድርሰት) የመጀመሪያ ክፍል፣ “ለኤሊዜ” የሚባለውን አጭር የፒያኖ ድርሰትና የ9ኛውን ሲምፎኒ አራተኛ ክፍል። ኔትወርክ ላይ አይተማመኑ፤ መብራትም በሰዓቱ ላይኖር ይችላልና ስልኩንና ስፒከሩን ማታውኑ ቻርጅ ያድርጉ። የአንዱ ኦርኬስትራ አጨዋወት ከሌላው ይፈጥናል ወይም ይዘገያል፤ ስለዚህ ካወረዱት ላይ የሚፈልጉት ቦታ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሚገኝ አዳምጠው ወረቀት ላይ ይጻፉት። ሃምሳ ልጅ ፊት ቆሞ ቦታውን ወዲያና ወዲህ መፈለግ ክፍሉን ይበትነዋል።

ብሉቱዝ ስፒከር ከጎረቤትም ቢሆን ይዋሱ። የስልክ ድምፅ ማውጫ ትንሽ ስለሆነች ወፍራሙን ድምፅ አታወጣም። የ9ኛው ሲምፎኒ ታዋቂ ዜማ ደግሞ የሚጀምረው ቼሎና ኮንትራባስ በሚባሉ ወፍራም ድምፅ ባላቸው ትልልቅ የክር መሣሪያዎች፣ ያውም በጣም በለሆሳስ ነው፤ በስልክ ብቻ ካጫወቱት የኋላ ወንበር ላይ ያለ ልጅ ምንም አይሰማም። ስፒከር ከጠፋ ልጆቹን አሥር አሥር አድርገው ስልኩን ባዶ ጆግ ውስጥ ያቁሙት። ወፍራሙን ድምፅ አይመልሰውም፣ ሌላውን ግን ጎላ ያደርገዋል።

ከዚህ ሌላ ስድስት የብረት ማንኪያ፣ አንዳንድ ሜትር ሆኖ የተቆረጠ ስድስት ሲባጎ፣ 6 ሜትር የሚሆን ረጅም ገመድ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ 60 ፍሬ ቡናና ካለፈው ዓመት የግድግዳ ካላንደር ጀርባ የተቆረጡ ሰባት ካርዶች ያስፈልጋሉ። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ለመጨረሻው ቀን ቢገኝ ትልቅ እገዛ ነው።

ከወላጆችም ጋር ቀድመው ይነጋገሩ። ወሎ ውስጥ አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆች ከተለያየ ሃይማኖት የመጡ ናቸው፤ አንዳንዱ ቤት ሙዚቃን በጥንቃቄ ያያል። ምን እንደሚሰሙና ለምን እንደሚሰሙ አስቀድሞ የተነገረው ወላጅ ብዙ ጊዜ አይቃወምም። መዝፈን የማይፈልግ ልጅ ምት ይይዛል፣ ካርድ ይሥላል፣ ገመዱ ላይ ዓመት ይለካል፤ ከትምህርቱ የሚቀርበት ነገር የለም።

አንደኛ ክፍለ ጊዜ፦ አራቱ ድምፆች

ሰሌዳ ላይ ምንም ሳይጽፉ፣ ስሙንም ሳይናገሩ የ5ኛውን ሲምፎኒ የመጀመሪያ 20 ሰከንድ ያጫውቱ። “ምን ሰማችሁ?” ብለው ይጠይቁ። ነጎድጓድም ይበሉ፣ በር የሚደበድብ ሰውም ይበሉ፣ ሁሉንም ይቀበሉ። ትክክል ነው፣ ስህተት ነው አይበሉ። ሁለተኛ ያጫውቱና በጣታቸው እየቆጠሩ እንዲሰሙ ያድርጉ፦ ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም። ታ ታ ታ ታ——።

አሁን ያጨበጭባሉ፤ የሚበላሸውም እዚህ ነው። ልጆቹ የመጀመሪያውን “ታ” ከምቱ እኩል ይጥሉትና ነገሩ የሰልፍ እርምጃ ይመስላል። ድርሰቱ ግን የሚጀምረው በዝምታ ነው፤ ምቱ ሲወድቅ ድምፅ የለም፣ ሦስቱ አጫጭሮች ከዚያ ቀጥለው ይመጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። አስተማሪው በእግሩ ወለሉን አንድ ጊዜ ይመታል፤ ልጆቹ ያን ሰምተው ወዲያው ታ ታ ታ ታ—— ይላሉ። እግር፣ ከዚያ እጅ። አራት አምስት ጊዜ ከተደገመ ይያዛል። አራተኛውን ድምፅ በጭብጨባ ማስረዘም ስለማይቻል መዳፍ ለመዳፍ ተጣብቆ ይቆይ፤ አስተማሪው እጁን ሲያወርድ ይላቀቅ።

ሰባት ደቂቃ ገደማ የሚፈጀውን ሙሉውን ክፍል ለማሰማት አይሞክሩ። አንድ ደቂቃ ተኩል ያጫውቱና አራቱን ድምፆች በሰሙ ቁጥር እጃቸውን ያውጡ። እጅ ማውረጃ ጊዜ ያጣሉ፤ ሰውየው ከአራት ድምፅ ትልቅ ሕንፃ እንደሠራ የሚገባቸው ያኔ ነው።

በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ስሙን ይጻፉ፦ ሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን። “የምን ቤት ነው?” የሚል ልጅ አይጠፋም፣ ይሳቁበት፤ ስሙ በዚያው ይያዛል።

ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ፦ ዕድሜውን ገመድ ላይ መዘርጋት

“ለኤሊዜ”ን ግማሽ ደቂቃ በማሰማት ይጀምሩ። ከስልክ ጥሪ ወይም ከመጫወቻ ኪቦርድ የሚያውቀው ልጅ ሊኖር ይችላል፤ ካለ እሱ ያንጎራጉረው። ከዚያ ረጅሙን ገመድ ግድግዳው ላይ ይወጥሩ። አንድ ዓመት 10 ሳንቲሜትር ነው። 1770 ዜሮ ላይ ይሆናል፤ 1827 ደግሞ 5 ሜትር ከ70 ላይ። ቦታውን የሚለኩት ልጆቹ ናቸው፤ የሒሳብ ትምህርትም ሆኖ ያልፋል።

ካርዶቹ እነዚህ ናቸው፤ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር።

1770፦ ጀርመን ውስጥ በራይን ወንዝ ዳር ባለችው ቦን ከተማ ተወለደ። የተጠመቀው ዲሴምበር 17 ነው፤ የተወለደበት ቀን ራሱ ተመዝግቦ አልተገኘም።
1778፦ ኮሎኝ ከተማ ላይ በሕዝብ ፊት ተጫወተ። አባቱ ያወጣው ማስታወቂያ የ6 ዓመት ልጅ ነው ይላል፤ ልጆቹ ዕድሜውን ከገመዱ ላይ ያስሉና ልዩነቱን ራሳቸው ያግኙት (ገመዱ 8 ይላል፤ ልደቱ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ግን ገና 7 ዓመቱ ነበር)።
1792፦ ወደ ቪየና ሄደ። መንገዱ ከደሴ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስን ያህላል፣ የተጓዘው በፈረስ ጋሪ ነው። እዚያም ከታዋቂው የሙዚቃ ደራሲ ከሃይድን ተማረ።
1802፦ ደብዳቤ ጻፈ (ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ይነገራል)።
1808፦ 5ኛው ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ፤ ታኅሣሥ (ዲሴምበር) ላይ፣ በሚያንቀጠቅጥ ብርድ፣ አራት ሰዓት ገደማ በፈጀ ዝግጅት ውስጥ።
1824፦ 9ኛው ሲምፎኒ ተሰማ።
1827፦ በ56 ዓመቱ ቪየና ውስጥ አረፈ።

ሁለት አቆጣጠር ማደባለቅ ልጆቹን ያሳስታል፤ ገመዱ ላይ አንዱን ብቻ ይጠቀሙ። ዘመኑን ለማስጨበጥ የራሳችንን ታሪክ ከጎኑ ማንጠልጠል ከማንኛውም ገለጻ ይሻላል። ቤትሆቨን የኖረው በዘመነ መሳፍንት ነው፤ ከየጁ የተነሡት ራሶች ሀገሩን የሚያዙበት ዘመን ነበር። ከእነሱ አንዱ የሆኑት ራስ ጉግሣ በ1825 ሲያርፉ ቤትሆቨን በሕይወት አለ። 5 ሜትር ከ50 ላይ ሌላ ቀለም ያለው ካርድ ይሰቀል። የወልዲያ ልጅ ይህን ሲያይ ቤትሆቨንን ከተረት ዓለም አውጥቶ ከቅድመ አያቶቹ ዘመን ጋር ያኖረዋል።

ስለ አባቱ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ሙዚቀኛ ነበር፣ መጠጥ ያበዛ ነበር፣ ልጁንም በጭካኔ ያስጠና ነበር። ለዚህ ዕድሜ “አባቱ በጣም ያስጨንቀው ነበር” ማለት ይበቃል። “ተገርፎ ስለተማረ ታላቅ ሆነ” የሚል ነገር ግን ከአስተማሪ አፍ በፍጹም አይውጣ። እውነትም አይደለም፤ ቤቱ አለንጋ ያለበት ልጅም እዚያው ክፍል ተቀምጦ እየሰማ ነው። ቦን ላይ በትዕግሥት ያስተማረው ክርስቲያን ጎትሎብ ኔፈ የሚባል መምህር ነበር፤ ስለ እሱ ይንገሩ።

ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፦ መስማት ሲሸሽ

የትምህርቱ ልብ ይህ ስለሆነ አይቸኩሉ፤ ካልበቃም በሁለት ቀን ይክፈሉት።

መጀመሪያ ማንኪያው። የሲባጎውን መሃል ማንኪያው እጀታ ላይ ጠበቅ አድርገው ይቋጥሩ። ልጁ የሲባጎውን ሁለት ጫፍ በሁለቱ ሌባ ጣቶቹ ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ ይጠምጥም። ከዚያ በጣቶቹ የጆሮውን በር፣ ያችን ከፊት ያለች ትንሽ ለምቦጭ፣ ተጭኖ ጆሮውን ይዝጋ። ጣት ወደ ውስጥ አይገባም፤ ጆሮው የሚመግል ወይም የሚያመው ልጅ ደግሞ ይመልከት እንጂ አይሞክር። ልጁ ጎንበስ ብሎ ማንኪያው አየር ላይ ሲንጠለጠል ጓደኛው በእርሳስ መታ ያደርገዋል። ለቆሙት ልጆች የሚሰማቸው ቀጭን “ጭል” ነው። ጆሮውን የዘጋው ልጅ ግን የትልቅ ደወል ድምፅ ይሰማል፤ ዓይኑ ሲፈጥ ያዩታል።

ካልሠራ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ሲባጎው ረግቧል፤ ማንኪያው ልብስ ወይም ጠረጴዛ ነክቷል፤ ወይም ክሩ የሱፍ ሆኖ ንዝረቱን ውጦታል። ስድስት ማንኪያ ለስልሳ ልጅ በተራ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ተራ የሚጠብቁት እጃቸውን ስፒከሩ ላይ አድርገው 5ኛውን ሲምፎኒ በመዳፋቸው ይስሙት።

ከዚህ በኋላ ድምፅ ንዝረት እንደሆነ፣ በአየር ብቻ ሳይሆን በክር፣ በእንጨትና በአጥንትም እንደሚሄድ ማስረዳት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ታሪኩም ይከተላል፦ ቤትሆቨን ሲወለድ ይሰማ ነበር። ሃያዎቹ ዕድሜው ማብቂያ ላይ ጆሮው ይጮህበት፣ ቀጭን ድምፅ ያመልጠው ጀመር፤ እየባሰም ሄደ። ሜልትሰል የሚባል ባለሙያ ከብረት የጆሮ ጡሩምባ ሠራለት፤ ቦን ውስጥ የተወለደበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው፣ ጡሩምባዎቹም እዚያ ይታያሉ። መስማት ያሳጣው በሽታ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም፤ “በጥፊ ተመትቶ ነው” እያሉ ምክንያት አይፍጠሩ።

የ1802ቱ ደብዳቤ ያኔ ቪየና አጠገብ በነበረችው ሃይሊገንሽታት መንደር ሆኖ ለወንድሞቹ የጻፈው ነው። ሰዎችን “አልሰማም፣ ጮክ በሉ” ማለት እንዳሳፈረው፣ ከሰው የራቀው ጠልቷቸው እንዳልሆነ ጽፏል። ደብዳቤው አልተላከም፤ የተገኘው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ልጆቹን “አልሰማሁም ማለት የሚያሳፍርበት ጊዜ መቼ ነው?” ብለው ይጠይቁ፤ ክፍል ውስጥ ያልገባቸውን “ገብቶናል” ያሉበትን ቀን ራሳቸው ያነሣሉ። ሞትን ስለማሰቡ የሚናገረውን ክፍል ለዚህ ዕድሜ አያንብቡ።

“ደንቆሮ” የሚለው ቃል ከልጆቹ አፍ መውጣቱ አይቀርም። ቃሉ አላዋቂንም ስለሚያመለክት ስድብ ነው። ሳይቆጡ “መስማት የተሳነው እንላለን” ብለው ያርሙና ይቀጥሉ። ክፍሉ ውስጥ መስማት የሚቸገር ልጅ ካለ አስቀድመው ለብቻው ያነጋግሩት፤ ሳይጠየቅ ምሳሌ አይደረግ።

አሁን ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፦ “ቲቸር፣ ካልሰማ እንዴት ደረሰው?” በቃል አይመልሱ። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት የሚዘምሩትን የሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ቆመው ይጀምሩ። አስተማሪው መዳፉን ሲከፍት በድምፅ፣ ሲጨብጥ በልብ። የመጀመሪያውን ስንኝ በድምፅ፣ ሁለተኛውን አፍ ተዘግቶ በልብ፣ ሦስተኛውን እንደገና በድምፅ። በዝምታው ጊዜ አስተማሪው በሌላ እጁ ምቱን እየያዘ ይቆይ፤ ካልያዘ ልጆቹ ይቸኩላሉ፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ይተራመሳሉ። በትክክል ከሠራ ስልሳ ልጅ ከዝምታው አንድ ላይ ይወጣል። “በዝምታው ውስጥ መዝሙሩ የት ነበር?” ብለው ይጠይቁ። የቤትሆቨን መልስ ያ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው ሁሉ ውስጡ ነበር።

አራተኛ ክፍለ ጊዜ፦ የንግግር ደብተሮቹ

ከ1818 ጀምሮ ሰው ሊያነጋግረው ሲመጣ ደብተር ይሰጠው ነበር። እንግዳው ይጽፋል፤ ቤትሆቨን ግን መናገር ስለሚችል ብዙውን ጊዜ በአፉ ይመልሳል። በዚህም የተነሣ ከቀሩት ደብተሮች የምናነበው በአብዛኛው የእንግዶቹን ቃል ነው፤ የእሱ መልስ አየር ላይ ቀርቷል።

ልጆቹ ሁለት ሁለት ይሁኑ። አንዱ ቤትሆቨን ነው፣ ይናገራል። ሌላው እንግዳ ነው፣ በጽሑፍ ብቻ። አምስት ደቂቃ፤ ርዕሱ ቡና ግብዣ። ሲያበቃ ወረቀቱ ለሌላ ጥንድ ይሰጥና ቤትሆቨን ምን ብሎ እንደመለሰ ይገምቱ። ልጆቹ ከልማድ የተነሣ ሁለቱንም ወገን ይጽፋሉ፤ ያኔ የሚገመት ነገር አይቀርም፤ ስለዚህ እርሳሱን ለእንግዳው ብቻ ይስጡ። ጽሕፈት የሚከብደው ልጅ በሥዕል ይጠይቅ።

ቡናውም ያለ ምክንያት አልመጣም። ጸሐፊው የነበረው ሺንድለር እንደጻፈው ቤትሆቨን ለአንድ ስኒ 60 ፍሬ ቡና ቆጥሮ ያፈላ ነበር። ሺንድለር ስለ ቤትሆቨን ከጻፈው መካከል ፈጠራ የተገኘበት ስላለ “ይባላል” ብለው ይንገሩት። ስልሳውን ፍሬ አንድ ልጅ ጮክ ብሎ ይቁጠር። የቤት ሥራው እናትን ወይም አያትን መጠየቅ ነው፦ “እማ፣ ለአንድ ጀበና ስንት እፍኝ ትጨምሪያለሽ?” በማግስቱ የሚመጣው መልስ ብዙ ያስወራል፤ ቤት ውስጥም ስለ ቤትሆቨን ይነገራል።

አምስተኛ ክፍለ ጊዜ፦ ዜማውን ማዜም

የ9ኛው ሲምፎኒ ዜማ በአምስት ተከታታይ ድምፆች ብቻ የተሠራ መጀመሪያ አለው። ሰሌዳ ላይ እንዲህ ይጻፉት፦

ሚ ሚ ፋ ሶል፣ ሶል ፋ ሚ ሬ፣ ዶ ዶ ሬ ሚ፣ ሚ— ሬ ሬ—
ሚ ሚ ፋ ሶል፣ ሶል ፋ ሚ ሬ፣ ዶ ዶ ሬ ሚ፣ ሬ— ዶ ዶ—

የወሎ ልጅ የሚሰናከለው “ፋ” ላይ ነው። ጆሮው ያደገበት ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነ ፋ የለበትም፤ ልጁ ከሚ ተነሥቶ ቀጥታ ሶል ላይ ይዘላል፣ ወይም ሚን ይደግማል። “ተሳስተሃል” ማለት አይጠቅመውም። መፍትሔው እዚሁ ሀገሩ አለ፦ የባቲ ቅኝት። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ ሚ ፋ ሶል ተከታትለው ይገኙበታል። ማሲንቆ ተጫዋቹ፣ ወይም ድምፅ ያለው አስተማሪ፣ መጀመሪያ በትዝታ ዶ ሬ ሚን ደጋግሞ ያሰማ፤ ልጆቹ ይመልሱ። ቀጥሎ የዶን ከፍታ ሳይለውጥ ወደ ባቲ ይለፍና ሚ ፋ ሶልን ያሰማ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ የቤትሆቨን አምስት ድምፆች ሞሉ። ማሲንቆው በአምባሰል ቅኝት ተቃኝቶ እንዳይቀርብ አስቀድመው ይንገሩት፤ በአምባሰል ውስጥ ሬም ሚም እንደሚፈለገው ስለማይገኙ ልጆቹን ግራ ያጋባል።

ዶን ከፍ አድርጎ መጀመር ሌላው ስህተት ነው፤ ሶል ላይ ሲደርሱ ይጮኻሉ። አስተማሪው ወንድ ከሆነ ልጆቹ ከእሱ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) ከፍ ብለው እንደሚያዜሙ አይርሳ።

ከተለማመዱ በኋላ ዜማው የሚጀምርበትን ቦታ ያጫውቱ፤ በብዙ ቅጂ ሦስተኛው ደቂቃ ገደማ ነው። መጀመሪያ ቼሎና ኮንትራባስ ብቻቸውን፣ ቀጥሎ ቪዮላ፣ ቀጥሎ ቫዮሊን፣ በመጨረሻ ሙሉ ኦርኬስትራ። ክፍሉም እንዲሁ ያዚም፦ መጀመሪያ አንድ ረድፍ በለሆሳስ፣ በየዙሩ አንድ ረድፍ እየተጨመረ።

የወላጆች ቀን ላይ የሚቀርብ ከሆነ መዝጊያው ከ1824ቱ ምሽት ይወሰድ። ቤትሆቨን ፊቱን ወደ ተጫዋቾቹ አድርጎ ቆሞ ነበር፤ የሕዝቡን ጭብጨባ አልሰማም። ዘፋኟ ካሮሊን ኡንገር ይዛ ወደ ሕዝቡ እንዳዞረችው፣ ሕዝቡም እንዲያይ መሐረብና ባርኔጣ እንዳውለበለበ ይነገራል። አንድ ልጅ ጀርባውን ለወላጆች ሰጥቶ ይቁም፤ ዜማው ሲያበቃ አንዲት ልጅ እጅጌውን ይዛ ታዙረው። ወላጆች እንዳያጨበጭቡ፣ ነጠላና ሻርፕ እንዲያውለበልቡ ቀድሞ ይነገራቸው። ቤትሆቨን የሆነው ልጅ እጅጌው እስኪያዝ ድረስ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆይ፤ ቀድሞ ዞሮ ካየ ለወላጆቹም ለእሱም ትዕይንቱ ይሞታል።